የዱር ዕፅዋትን ለልጆች ማስተማር፦ ጎጂውንና ጠቃሚውን የማስለየት ዝርዝር መመሪያ

ልጅ አዲስ ነገርን በዓይኑ ብቻ አይመረምርም፤ ይቀጥፋል፣ ያሸታል፣ ይልሳል። «አትንካ» የሚለው ቃል ደግሞ ልጁን የሚጠብቀው ተናጋሪው አጠገቡ እስካለ ድረስ ነው። ብቻውን ሲሆን የሚጠብቀው እውቀቱ ነው፤ ተክሉን የጎረቤቱን ሰው በሚያውቅበት ዓይነት ማወቁ፦ በስሙ፣ በመልኩና በጠባዩ።

ይህ መመሪያ ለወላጆችና ለመምህራን የተዘጋጀ ነው፤ ከ3 ዓመት ሕፃን እስከ ታዳጊ ወጣት ያገለግላል። የምንፈልገው ውጤት ሁለት ነው። ልጁ የማያውቀውን ተክል ሳይጠይቅ ወደ አፉ አያስገባም፤ ካስገባም ወዲያው፣ ሳይፈራ ይናገራል። ሁለተኛው ከመጀመሪያው አያንስም። የተመረዘ ልጅ ሲመጣለት ሐኪም አስቀድሞ የሚጠይቀው «ምን በላ? መቼ? ምን ያህል?» ብሎ ነው፤ ቁጣ የፈራ ልጅ ደግሞ የሚደብቀው ይህንኑ ነው።

መጀመሪያ አዋቂው ይማር

ማስተማር ከመጀመርዎ በፊት ልጆቹ የሚውሉበትን ቦታ ብቻዎን ይዙሩት። ግቢውን፣ የአጥሩን ሥር፣ የትምህርት ቤቱን መንገድ፣ የወንዙን ዳር፣ የቆሻሻ መጣያውን አካባቢ፣ ያለቀለትም ሆነ የተጀመረ ግንባታ ያለበትን ሜዳ ይዩ። ጉሎና አስተናግርን የመሰሉ ተክሎች የተቆፈረ፣ የተረበሸና ፍግ የበዛበት አፈር ይወዳሉ፤ ስለዚህ የሚገኙት ጫካ ውስጥ ሳይሆን ልጆች ኳስ በሚጫወቱበት ዳር ነው። አንድ ዙር አይበቃም። አበባ ሲያወጡ አንድ ጊዜ፣ ፍሬ ሲይዙ ሌላ ጊዜ ይዙሩ፤ አብዛኛው አደጋ የሚደርሰው ፍሬ ባለበት ወቅት ነው።

ለእያንዳንዱ ተክል አምስት ፎቶ ያንሱ፦ ሙሉ ቁመናውን፣ የቅጠሉን ፊትና ጀርባ፣ ቅጠሉ ከግንዱ ጋር የተያያዘበትን ቦታ፣ አበባውን፣ ፍሬውን። ቀጥሎ ስሙን ያጣሩ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል፤ የሕዝብ ስም ከቦታ ቦታ ይለያያልና። አንዱ አስተናግር የሚለውን ሌላው እፀ ፋሪስ ይለዋል። ቁልቋልና የባሕር ቁልቋል ደግሞ በስም ይቀራረቡ እንጂ ዝምድና የላቸውም፤ የባሕር ቁልቋል (በለስ) ፍሬው ይበላል፣ የቁልቋል ወተት ግን ዓይን ውስጥ ከገባ ብርሃን እስከማሳጣት ይደርሳል። «ቁልቋል ይበላል» ተብሎ የተነገረው ልጅ የትኛውን እንደሚቀጥፍ ያስቡት። ስለዚህ በማስታወሻዎ ላይ ከአማርኛው ስም ጎን ሳይንሳዊውን ስም ይጻፉ፤ ስዊድናዊው የዕፅዋት ተመራማሪ ሊኒየስ በ1753 ያስፋፋው ባለሁለት ቃል ስም የተፈለገው ለዚሁ ነው። አስተናግር በየትም አገር ዳቱራ ስትራሞኒየም ነው።

ስሙን ቢያንስ ከሁለት ምንጭ ያረጋግጡ። የግብርና ባለሙያ፣ የሥነ ሕይወት መምህር፣ ተክሉን አሳምረው የሚያውቁ አዛውንት ይጠይቁ። የስልክ መተግበሪያ ስም ለመጠቆም ይረዳል፤ ይበላል ወይም አይበላም የሚለውን ለመወሰን ግን በፍጹም አይሆንም። ገና ከመሬት ብቅ ያለ ችግኝ ወይም አንድ ነጠላ ቅጠል ብቻ ያየ መተግበሪያ በቀላሉ ይሳሳታል።

ከዚያ ምርጫ ነው። ከ6 ዓመት በላይ ላሉ ልጆች ለመጀመሪያው ዓመት አምስት ጎጂና አምስት ጠቃሚ ተክል ይበቃል፤ ከዚያ ለሚያንሱት ሦስት ጎጂ ብቻ። መርዛማ ነው የተባለውን ሁሉ መደርደር የሚያስከትለው ሁለት ነገር ነው፦ ልጁ ሁሉንም ይረሳል፣ ወይም ዛፍ ቅጠሉን ሁሉ ይፈራል። የሚፈራ ልጅ ደግሞ ቀርቦ አያይም፤ ሳያይም መለየት አይችልም። ጎጂውን ከጠቃሚው ጋር አንድ ላይ ማስተማር የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

በየዕድሜው ምን ይባል

ከ3 ዓመት በታች ያለ ልጅ ትምህርት አይጠብቀውም፤ የሚጠብቀው የሰው ዓይን ነው። በዚህ ዕድሜ ሥራው የእርስዎ ነው፦ ጉሎና አስተናግር ከግቢ ይነቀሉ፣ ወተታም አጥር ካለ ልጁ እንዳይደርስበት ይከለል። ደረቅና ጠንካራ ዘር መርዝ ባይኖረው እንኳ ጉሮሮ ይዘጋል።

ከ3 እስከ 5 ዓመት አንድ ሕግ ብቻ፦ «አሳየኝ፣ ጠይቀኝ፣ ከዚያ»። ልጁ ቅጠልም ፍሬም ሲያገኝ ሳይቀጥፍ ይጠራዎታል። በጠራዎት ቁጥር ይሂዱ። «ቆይ፣ ሥራ ላይ ነኝ» የተባለ ልጅ በሦስተኛው ቀን መጥራቱን ይተዋል፤ ሕጉ የሚፈርሰው በልጁ እንቢታ ሳይሆን በአዋቂው መሰልቸት ነው።

ከ6 እስከ 8 ዓመት የተመረጡትን አሥር ተክሎች በስምና በሁለት ሁለት ምልክት ይማራሉ። ከ9 እስከ 12 ዓመት መመሳሰል ይጨመራል፦ ይህ ያንን ይመስላል፣ የሚለየው በዚህ ነው። ከ13 ዓመት በላይ ያሉት «ለምን» ይጠይቃሉ፤ ስለ መጠን፣ ስለ ዕፅዋት የቤተሰብ ዝምድና፣ መርዝ መድኃኒት ስለሚሆንበት መንገድ ይነገራቸው። ዊልያም ዊዘሪንግ የተባለው እንግሊዛዊ ሐኪም በ1785 ስለ ዲጂታሊስ ተክል ያሳተመው ጥናት ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። የዚያ ተክል ቅጠል ልብን ያቆማል፤ መጠኑ ተለክቶ ሲሰጥ ግን የታመመ ልብን ያግዛል። ታዳጊዎች ከዚህ የሚረዱት ተክልን «ክፉ» ወይም «ደግ» ብሎ መፈረጅ እንደማይበቃ፣ ልኩን ማወቅም የሐኪምና የፋርማሲስት ሥራ እንደሆነ ነው።

ጎጂዎቹን እንዴት እናስተዋውቅ

ጉሎ። ቅጠሉ የተዘረጋ የእጅ መዳፍ ይመስላል፤ ከ5 እስከ 11 ጣት አለው፣ ጠርዙም እንደ መጋዝ ጥርስ ነው። ፍሬው ለስላሳ እሾህ የለበሰና ሦስት ክፍል ያለው ነው፤ በየክፍሉ አንድ አንድ ዘር ይገኛል። አደጋው ያለው በዘሩ ነው። የሚያብረቀርቅ፣ ዝንጉርጉር፣ ደም የጠገበ መዥገር የሚመስል ዘር ነው፤ በላቲን «ሪሲነስ» ማለትም መዥገር ነው። ልጆች ይህን ምስል አንዴ ከሰሙት አይረሱትም። ዘሩ ውስጥ ያለው ሪሲን የተባለ መርዝ የሰውነት ሕዋሳት ፕሮቲን እንዳይሠሩ ያደርጋል። ቅርፊቱ ሳይሰበር የተዋጠ ዘር አንዳንዴ ጉዳት ሳያደርስ ይወጣል፤ የታኘከ ግን ጥቂቱም ቢሆን ልጅን ሊገድል ይችላል። ሁሌ የሚነሳ ጥያቄ አለ፦ «ታዲያ የጉሎ ዘይት ለምን ይሸጣል?» ሪሲን በዘይት ውስጥ አይሟሟም፤ ዘይቱ ሲጨመቅ መርዙ ከፋጉሎው ጋር ይቀራል፤ በፋብሪካ ደግሞ ዘይቱ በሙቀት ይጣራል። ቤት ውስጥ ዘሩን ወቅጦ ዘይት ማውጣት ግን ለልጅ የሚታይ ሥራ አይደለም።

አስተናግር። ነጭ መለከት የመሰለ አበባ፣ ጠርዙ የተቆራረጠ ቅጠል፣ ሲታሽ የሚከረፋ ሽታ፣ እሾሃም ፍሬ። ፍሬው ሲደርቅ ለአራት ይሰነጠቃል፤ በውስጡም ብዙ ጥቁር ቡናማ ዘር አለ፤ እያንዳንዱ ኩላሊት መሰል ሲሆን 3 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። ጉሎና አስተናግር ሁለቱም እሾሃም ፍሬ ስላላቸው ልጆች ያምታቷቸዋል፤ ጎን ለጎን አስቀምጠው የጉሎው በሦስት፣ የአስተናግሩ በአራት እንደሚከፈል ያስቆጥሯቸው። በአስተናግር ውስጥ ያሉት አትሮፒንና ስኮፖላሚን የተባሉ መርዞች አፍ ያደርቃሉ፣ የዓይን ብሌን ያሰፋሉ፣ ቆዳን ያቀላሉና ያግላሉ፣ ልብን ያስሮጣሉ፣ የሌለ ነገር ያሳያሉ። የታዳጊዎች አደጋ ከሕፃናት ይለያል፦ ሕፃን ሳያውቅ ይበላዋል፣ ታዳጊ ግን ጓደኛው «ሞክረው» ስላለው። ስለዚህ ለታዳጊዎች ይህን በግልጽ ይንገሯቸው፦ ከተክል ተክል፣ ከዘር ዘር የመርዙ መጠን ስለሚለያይ «ትንሽ» የሚባል ልክ የለውም። ዘሩ ከእህል ጋር ሊታጨድም ይችላል፤ እህል ሲለቀም ልጆች አብረው ቢለቅሙና ይህን ዘር ለይተው ቢያወጡ ጥሩ ልምምድ ነው።

ወተታም ተክሎች። ቁልቋል፣ ቅንጭብ፣ ጦቢያው። ለልጆች አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃል፦ «ሲሰበር ነጭ ወተት የሚያወጣ ተክል ወደ ዓይንና ወደ አፍ አይጠጋም»። ይህ ሕግ ከልክ በላይ ጥብቅ ነው፤ ወተት እያላቸው ፍሬያቸው የሚበላ ተክሎች አሉ። ቢሆንም ለትንሽ ልጅ ከልክ ያለፈ ጥንቃቄ ከጎደለ ይሻላል። ብዙ ጊዜ የሚደርሰው ጉዳት መብላት አይደለም፤ ልጁ ቅርንጫፉን በዱላ ይመታል፣ ወተቱ ይረጫል፣ ወይም በእጁ ነክቶ ዓይኑን ያሻል። በተለይ ቅንጭብ አጥር ሆኖ በሚተከልበት ቦታ «አጥሩን በዱላ መምታት ክልክል ነው» የሚለው ሕግ ራሱን ችሎ ይነገር።

አጋምና ምረንዝ። ከ9 ዓመት በላይ ላሉ ልጆች ከዚህ የተሻለ የመመሳሰል ትምህርት አናውቅም። ሁለቱም ቁጥቋጦ ናቸው፤ ሁለቱም ጠንካራ፣ አብረቅራቂና ጥንድ ጥንድ ሆኖ የሚበቅል ቅጠል፣ ሽታው ደስ የሚል ነጭና ሮዝማ አበባ፣ ሲበስል የሚጠቁር ፍሬ አላቸው፤ ሁለቱም ወተት ያወጣሉ። አጋም ልጆች የሚወዱት ፍሬ ነው። ምረንዝ ግን አዳኞች የቀስት መርዝ ሲያወጡበት የኖሩት ተክል ነው፤ መርዙ ልብን ያቆማል። አጋም በቅርንጫፉ ላይ ጠንካራ እሾህ አለው፤ ምረንዝ እሾህ የለውም። ሆኖም «እሾህ ካለው ይበላል» የሚል ሕግ እንዳይወጣላቸው ይጠንቀቁ፤ እንቧይም እሾህ አለው፣ ቢጫ ፍሬውም መርዛም ነው። እሾህ የሚጠቅመው እነዚህን ሁለቱን ለመለየት ብቻ ነው። ልጅ ደግሞ አጋምም ቢሆን ከአዋቂ ጋር ካልሆነ አይለቅምም፤ ምክንያቱም ሁለቱ ቁጥቋጦዎች ቅርንጫፍ ለቅርንጫፍ ተጠላልፈው ሊበቅሉ ይችላሉ።

የቀሩትን በአጭሩ እንለፋቸው። የወፍ ቆሎ በአንድ የአበባ ጭብጥ ላይ የተለያየ ቀለም ያሳያል፤ አረንጓዴ ጥሬ ፍሬው ጎጂ ነው። አውጥም ጥሬው አይነካም። ኦሊያንደር በየግቢው ለውበት የሚተከል ቢሆንም ከቅጠሉ እስከ እንጨቱ መርዝ ነው፤ እንጨቱ ለማገዶም ሆነ ለሥጋ መጥበሻ አይሆንም። እንጉዳይ ተክል አይደለም፤ ልጆች ግን እንደ ተክል ስለሚያዩት ሕጉ አጭር ይሁን፦ አይቀጠፍም፣ አይቀመስም። አደገኛው የእንጉዳይ ዓይነት ምልክቱን የሚያሳየው ከተበላ 6 ሰዓት ካለፈ በኋላ ነው፤ ያን ጊዜ ጉበት ጉዳት ጀምሯል።

ሳማ፣ በሁለቱም ወገን የሚቆመው

ሳማ የመጀመሪያው ትምህርት ቢሆን እንመርጣለን። ይለበልባል፣ ግን አይገድልም፤ ሲበስል ደግሞ ምግብ ይሆናል። ልጁ «ጎጂ» እና «ጠቃሚ» የሚሉት ቃላት አንድ ተክል ላይ ሲገናኙ በዓይኑ ያያል።

በማጉያ መነጽር ፀጉሮቹን ያሳዩ። እያንዳንዱ ፀጉር ጫፉ እንደ ብርጭቆ ተሰባሪ የሆነ መርፌ ነው፤ ሲነካ ይሰበርና ሂስታሚን፣ አሴቲልኮሊንና ሌሎች የሚያቃጥሉ ንጥረ ነገሮችን ይወጋል። ምን ያህል እንደሚለበልብ ለማሳየት ብሎ ልጅን ማስነካት አያስፈልግም፤ እምነቱን ያጎድላል። ለማብሰል ወፍራም ጓንት አድርገው አበባ ያላወጣውን ለጋ ጫፍ ይቁረጡ፣ በመቆንጠጫ አጥበው የፈላ ውሃ ውስጥ ይጨምሩ። ሲፈላ መርፌው ይለሰልሳል፤ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ይበቃዋል።

የለበለበው ልጅ ወዲያው ማሸት ይፈልጋል፤ ማሸት ግን የቀሩትን ፀጉሮች ወደ ውስጥ ይገፋል። ቦታውን ለ10 ደቂቃ ያህል ሳይነኩ ማቆየት፣ ከዚያ በሳሙናና በቀዝቃዛ ውሃ ማጠብ፣ የቀረውን ፀጉር ስኮች ለጥፎ ማንሳት። አብዛኛውን ጊዜ በዚያው ቀን ይተዋል። ከንፈር ካበጠ ወይም ትንፋሽ ካጠረ ግን የአለርጂ ምልክት ነውና ወደ ሕክምና።

ሌሎቹ ጠቃሚዎች

ቀጋ ፍሬው በቫይታሚን ሲ የበለፀገ ነው፤ በውስጡ ያሉት ጥቃቅን ፀጉሮችና ዘሮች ግን ጉሮሮና አንጀት ይቧጥጣሉ፤ ለሁለት ከፍሎ በማንኪያ ጠርጎ ማውጣት ያስፈልጋል። እንጆሪ ለትንንሾቹ ጥሩ መነሻ ነው፦ ብዙ ጥቃቅን እንክብል የተደራረበበት ፍሬ፣ እሾሃም ሐረግ። ጎርጠብ የሚታወቀው ከቅጠሉ ሥር እስከ ጫፉ በሚሮጡት ጉልህ ጅማቶች ነው፤ ታጥቦና ታሽቶ የነፍሳት ንክሻ ላይ ሲደረግ ያስታግሳል ተብሎ ሲሠራበት የኖረ ነው። ልጆች በእጃቸው ሊነኩት፣ ጅማቱን ሊመዙት ስለሚችሉ ለመጀመሪያ ጉዞ ይመቻል።

ሬት ሁለት ፈሳሽ እንዳለው ያሳዩ። ከቆዳው ሥር ያለው ቢጫና መራራው ሆድ በኃይል ያስቀምጣል፤ መሐል ያለው ጥርት ያለ ዝልግልግ ክፍል በፀሐይ የተቃጠለ ቆዳን ያቀዘቅዛል። ቅጠሉን ቆርጠው ለ15 ደቂቃ ያህል ዘቅዝቀው ቢያቆሙት ቢጫው ይወርዳል። ይህ ከቆዳ ላይ አያልፍም፤ ልጅ ሬት አይበላም።

ጤና አዳም ስሙ እንደሚያጓጓው ሁሉ ሙሉ በሙሉ የዋህ አይደለም። ጭማቂው የነካው ቆዳ ፀሐይ ሲያገኘው በማግስቱ ወይም በሁለተኛው ቀን ውሃ ሊቋጥር ይችላል። ከነኩት በኋላ እጅን በሳሙና መታጠብና ቦታውን ከፀሐይ መሸፈን ያስፈልጋል። ስም ዋስትና እንዳልሆነ ለማስረዳት ከዚህ የተሻለ አያገኙም።

የመስክ ጉዞው

ለ6 ዓመት ልጅ 30 ደቂቃ፣ ለትልልቆቹ 45 ደቂቃ ይበቃል። አንድ አዋቂ ከ5 ልጅ በላይ አይያዝ። ረጅም ሱሪ፣ የተሸፈነ ጫማ፣ ሳሙናና 5 ሊትር ውሃ፣ ማጉያ መነጽር፣ ማስታወሻ ደብተር፣ ስኮች፣ ንጹሕ ጨርቅ ይያዙ። የሚበላ ነገር አይያዝ፤ እጅና አፍ በጉዞው ላይ እንዳይገናኙ። የተራበ ልጅ ሁሉንም ነገር ስለሚያኝክ ከጉዞው በፊት ይብሉ።

እርምጃ 1። ከመነሳትዎ በፊት ሕጉን ልጆቹ ራሳቸው ይበሉት፦ ማየት ይፈቀዳል፣ መቅጠፍ በፈቃድ፣ መቅመስ የለም። አዋቂውም አይቀምስም። እርስዎ አጋም ቀጥፈው እየበሉ «አትቅመሱ» ቢሉ የሚቀረው ያዩት ነው።

እርምጃ 2። ከሦስት ሜትር ያህል ርቀት ላይ ያቁሟቸው። መጀመሪያ ሙሉ ቁመናውን ይግለጹ፦ ዛፍ ነው፣ ቁጥቋጦ ነው፣ ሐረግ ነው? ከጉልበት በላይ ነው? ልጅ ወዲያው ወደ አበባው ይሮጣል፤ አበባ ግን የሚቆየው ጥቂት ሳምንት ነው። አበባውን ብቻ ያወቀ ልጅ ተክሉን ዓመቱን ሙሉ አያውቀውም።

እርምጃ 3። አሁን ይጠጉ። ቅጠሉ በግንዱ ላይ ትይዩ (ጥንድ ጥንድ ሆኖ ፊት ለፊት) ነው ወይስ ተፈራራቂ (አንዱ በዚህ፣ ቀጣዩ በዚያ ጎን)? ጠርዙ ልሙጥ ነው ወይስ ጥርሳም? ፀጉር አለው? ግንዱ ክብ ነው ወይስ ባለማዕዘን? የአራት ጥያቄ መልስ ሳይያዝ ስም አይነገር። ስሙን አስቀድመው ከነገሯቸው ማየት ያቆማሉ።

እርምጃ 4። መስበርና ማሽተት የአዋቂው ሥራ ነው። ወተት ይኖረው እንደሆነ ለማየት ቅርንጫፉን ከፊትዎ አርቀው፣ ልጆቹ ከኋላዎ ቆመው፣ በመቁረጫ ይቁረጡ።

እርምጃ 5። አሁን ስሙን፣ አንድ ጥቅሙን ወይም አንድ ጉዳቱን ይናገሩ። ልጆቹ ይሣሉት። ሥዕሉ ማማር የለበትም፤ የቅጠሉ አቀማመጥ ትክክል ይሁን እንጂ።

እርምጃ 6። በአንድ ጉዞ ከሦስት ተክል አይለፉ። ሲመለሱ እጅ በሳሙና ይታጠብ፣ ጥፍር ሥር ጭምር። አስተናግር የነካ ጣት ዓይንን ካሻ ብሌኑ ሊሰፋ ይችላል።

ደረቅ ናሙናና ካርድ

ቅጠልና አበባ በጋዜጣ መካከል ዘርግተው፣ በላዩ ከ5 እስከ 10 ኪሎ የሚመዝን መጽሐፍ ወይም ድንጋይ ይጫኑ። የመጀመሪያዎቹን 4 ቀናት ጋዜጣውን በየቀኑ ይቀይሩ፤ እርጥበት ያዘለ ወረቀት ሳይቀየር ሲቀር ናሙናው ይጠቁራል፣ ይሻግታል። ከ7 እስከ 14 ቀን ባለው ጊዜ ሲነሳ የማይታጠፍ ሲሆን ደርቋል። በወፍራም ወረቀት ላይ ለጥፈው ከላይ በግልጽ ፕላስቲክ ይሸፍኑ። ከጀርባው ስሙን፣ የተገኘበትን ቦታና ቀን፣ ሁለት መለያ ምልክት ይጻፉ። ለጎጂዎቹ ቀይ፣ ለጠቃሚዎቹ አረንጓዴ፣ እንደ ሳማ ላሉት ሁለቱንም ጠርዝ ይቀቡ።

ማድረቅ መርዝን አያጠፋም። ስለዚህ የጉሎና የአስተናግር ዘር በካርድ ላይ አይለጠፍ፤ ፎቶው ይበቃል። ወተታም ተክሎችም በፎቶ ይተኩ። ቀይና ጥቁር ቀለም ያላቸው አብረቅራቂ የዱር ዘሮች ለዶቃ ተብለው ወደ ክፍል ከመጡ ይሰብስቧቸው፤ ከእነዚህ መካከል አብሪን የተባለ፣ የሪሲን ዘመድ የሆነ ብርቱ መርዝ የያዘ አለ።

ልጆች የሚይዟቸው የተሳሳቱ ሕጎች

«ወፍ ከበላው እኔም እበላዋለሁ።» ወፎች የሰውን ሆድ የሚጎዳ ፍሬ ውጠው ዘሩን ይበትናሉ፤ የተክሉም ፍላጎት ይኸው ነው። «ቀይ መርዝ ነው።» እንጆሪ ቀይ ነው፣ የአስተናግር ፍሬ አረንጓዴ ነው። «መራራው መርዝ ነው፣ ጣፋጩ አይጎዳም።» ጣዕም ማረጋገጫ አይሆንም፤ ደግሞስ ጣዕሙን ያወቀ ልጅ ቀምሶታል ማለት ነው። «ከተቀቀለ ይበላል።» ለሳማ ይሠራል፣ ለአስተናግር አይሠራም፤ አትሮፒን በመፍላት አይጠፋም። «የበሰለ ከሆነ ችግር የለውም።» ለአንዳንዱ እውነት ነው፤ ልጅ ግን የብስለትን ደረጃ በትክክል አይለይም። ለመኖር የሚደረግ የቅምሻ ሙከራ፣ ማለትም በጥቂት በጥቂቱ እየቀመሱ መሞከር፣ ለልጅ በጭራሽ አይነገር።

እነዚህን አንድ በአንድ ያንሷቸው፤ «ማን ነው እንዲህ ሲባል የሰማ?» ብለው ይጠይቁ። ልጁ ከጓደኛው የሰማው ካልታረመለት በቀር እርስዎ ባስተማሩት ላይ ደርቦ ይዞት ይኖራል።

ልጅ ከበላ ወይም ከነካ

ይህን ክፍል ልጆቹም ይለማመዱት። በወር አንድ ጊዜ፣ አንዱ ልጅ «በላሁ» ይበል፣ ሌላው አዋቂ ይጥራ፣ ሦስተኛው ተክሉን ያሳይ። የልምምዱ ዋና ዓላማ «ሮጠህ ተናገር፣ አልቆጣህም» የሚለውን በተግባር ማሳየት ነው። ስለዚህ በእውነት ሲመጣ የመጀመሪያው ቃልዎ «ጎበዝ፣ ስለነገርከኝ» ይሁን፤ ለሴት ልጅም «ጎበዝ፣ ስለነገርሽኝ»።

አፍ ውስጥ የቀረውን ጨርቅ በጠቀለሉበት ጣትዎ ያውጡ፣ አፉን በውሃ ያጉመጥምጡት። እንዲያስመልስ አያስገድዱት። የጨው ውሃ አያጠጡ፤ ጨው ራሱ ትንሽ ልጅን ሊገድል ይችላል። ዘይት፣ እንቁላል፣ የማገዶ ከሰል መድኃኒት አይደሉም። ድሮ ለማስመለስ ይሰጥ የነበረውን ሽሮፕ የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ በ2003 ቤት ውስጥ እንዳይሰጥ መክሯል፤ የሚያስመልስ ነገር ጉሮሮን ዳግም ይጎዳል፣ ወደ ሳንባም ሊገባ ይችላል።

ወዲያው ወደ ጤና ተቋም ይሂዱ፤ ምልክት እስኪታይ አይጠብቁ። የጉሎ ዘር ያኘከ ልጅ ለሰዓታት ደህና ሊመስል ይችላል፤ ከዚያ ነው ትውከቱና ተቅማጡ የሚጀምረው። ተክሉን ከቅርንጫፉና ከፍሬው ጋር በወረቀት ጠቅልለው ይውሰዱ፤ ካስመለሰው ጥቂቱን በዕቃ ይያዙ። አራት ነገር ጽፈው ይድረሱ፦ ምን፣ ስንት ያህል፣ በስንት ሰዓት፣ የልጁ ክብደት። የባለሙያው ስልክ ቁጥር በበሩ ጀርባ ተለጥፎ ይቆይ፤ በድንጋጤ ሰዓት ቁጥር መፈለግ ጊዜ ይበላል። ልጁ ራሱን ከሳተ በጎኑ ያስተኙት፤ በአፉ ምንም አይስጡ። አስተናግር የበላና የሚቃዥ ልጅ ብርሃኑ በተቀነሰ፣ ጸጥ ባለ ስፍራ ይሁን፤ ሊሮጥና ሊወድቅ ስለሚችል ለአፍታም ብቻውን አይተውት።

የተክል ወተት ዓይን ውስጥ ከገባ የዓይኑን ቆብ ገልጠው ንጹሕ ውሃ ከአፍንጫው በኩል ወደ ውጭ ለ15 እስከ 20 ደቂቃ ያፍስሱ፤ ከዚያ ቢሻለውም ወደ ዓይን ሐኪም ይውሰዱት። ማሸትና የሚጠጣ ወተት ወይም የሌላ ተክል ጭማቂ ማድረግ ጉዳቱን ያባብሰዋል።

ዕውቀቱን መፈተሽ

ካርድ ላይ ያወቀው ልጅ መስክ ላይ ላያውቀው ይችላል። ስለዚህ ፈተናው መስክ ላይ ይሁን። ከምትሄዱበት መንገድ ዳር ሦስት ተክሎችን ይምረጡ፤ አንዱ ጎጂ፣ አንዱ ጠቃሚ፣ አንዱ ለእርስዎም የማይታወቅ። ልጁ ሁለቱን በምልክታቸው ለይቶ፣ ሦስተኛውን «አላውቀውም፣ አልነካውም» ካለ አልፏል። በግምት ስም የሰጠው ልጅ ግን ስሙ ልክ ቢሆን እንኳ ይደግመው፤ የሚፈለገው ምልክቱን ማየቱ ነውና።

ያንኑ መንገድ በዓመት አራት ጊዜ ይመለሱበት፦ ተክሎቹ ሲበቅሉ፣ ሲያብቡ፣ ሲያፈሩ፣ ሲደርቁ። የደረቀ አስተናግር ቅጠሉ ረግፎ ዘሩን የሚበትን እንጨት ብቻ ሆኖ ይቆማል፤ ብዙ ልጅ አይለየውም፤ ግን ዘሩ በእጅ ሊደረስበት በሚችል ቁመት ላይ የሚንጠለጠለው ያን ጊዜ ነው። ካርዱ ላይ የዚያን ወቅት ፎቶ አንድ ይጨምሩ።